የቀሃዋ ሸማኔ፤ የወይዘሮ ይርገዱ ሐብተ ማርያም የሕይወት ታሪክ (1930–1980 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ይርገዱ ሐብተ ማርያም ከአባታቸው ከቄስ ሐብተ ማርያም ወልደኢየሱስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንኳየሁ ዓለምነው በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በወገራ አውራጃ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የገጠር ደብር ኅዳር 21 ቀን 1930 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የጽዮን ማርያም በዓል ስለነበር ቄስ ሐብተ ማርያም የምሥራቹን የሰሙት ቀድሰው ሲወጡ ነበር። ይርገዱ ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ፣ ከሴቶቹ ደግሞ የመጀመሪያዋ ናቸው። ይህን ታሪክ የጻፍሁት እኔ ታናሽ ወንድማቸው የሻው ነኝ። ወንድም ስለ እኅቱ ሲጽፍ ያጋንናል ይባላል፤ ጎረቤቶቻቸው እዚህ በቀብራቸው ስላላችሁ ካጋነንሁ ታርሙኛላችሁ።

በእኛ ደጋ ሴት ልጅ እንዝርት የምትጨብጠው የወተት ጥርሷ ሳይረግፍ ነው። ጥጡ ከቆላ በአህያ ተጭኖ ይመጣል፤ እናት ታባዝታለች፣ ልጅ ትፈትላለች። ወይዘሮ ይርገዱ ገና በልጅነታቸው የሚፈትሉት ክር ቀጭን ሆኖ የማይበጠስ ስለነበር እናታችን ወደ ገበያ ሲወጡ የእሳቸውን ልቃቂት ከሌላው ለይተው ይይዙት ነበር። አሳስተው ከሌላው ጋር የቀላቀሉት ቀን ግን የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ክር ዋጋው እንደጨመረ እናታችን እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በዚያን ጊዜ በአካባቢው ትምህርት ቤት አልነበረም። አባታችን ወንዶቹን ልጆች ሰብስበው ፊደልና ዳዊት ሲያስተምሩ ሴቶቹ ጓዳ ናቸው። ወይዘሮ ይርገዱ እየፈተሉ ይሰሙ ነበር። መስማታቸው የታወቀው እኔ ዳዊት ስደግም አንድ ቤት ዘልዬ ባለፍሁ ጊዜ ነው፤ የዘለልሁት ቃል ከጓዳ ተባለ። አባታችን እኔን እንደገና አስጀመሩኝ፤ እሳቸውን ግን አልተቆጡም። ፊደሉን ራሱን የለዩት በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት በታወጀ ጊዜ ሲሆን፣ ዳዊቱን በቃላቸው ስለሚያውቁት ንባብ ሳይከብዳቸው የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለዋል።

በ1946 ዓ.ም. ከጎንደር ከተማ፣ ከቀሃ ሰፈር፣ አንድ ወጣት ሸማኔ ጋቢ ሊሸጡ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ መጡ። ስማቸው ሰጠኝ ላቀው ይባላል። ከእናታችን ፊት ቆመው ልቃቂቱን በጣታቸው አገላብጠው ካዩ በኋላ ዋጋ በመጠየቅ ፈንታ የፈተለችው ማን እንደሆነች ጠየቁ። እናታችን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ገባቸው።

ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ዘመድ ተቆጣ። ሸማኔ በእጁ ጥበብ የአገሩን ሰው ሁሉ እያለበሰ ስድቡ ግን ከቤቱ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። የቄስ ልጅ ለሸማኔ፣ ለ«ቁጢት በጣሽ»፣ አትሰጥም ተባለ። አባታችን ሁሉንም ሰሙና፣ «ጌታችን የተገነዘው በበፍታ ነው። በፍታውን የሸመነውን ሰው ማን ሰደበው?» አሉ። ልጃቸውንም ሰጡ። ሰርጉ ግን ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ያኮረፈ ዘመድ እንኳን ሊያጅብ እንጀራም በወጉ አይቆርስም።

ወይዘሮ ይርገዱ ጎንደር ገብተው በቀሃ ጎጆ ወጡ። አስማረን በ1955፣ ሐረገወይንን በ1958፣ ምናለን በ1961 ዓ.ም. ወለዱ፤ ሁለት ሕፃናትም በሞት ተለይተዋቸዋል። ባልና ሚስቱ ሥራቸውን እንደ አገሩ ወግ ተካፍለው ኖሩ። እሳቸው ይፈትላሉ፣ ባላቸው ይሸምናሉ። የሸማኔ መቀመጫ ጉድጓድ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሸማኔው ከአፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ያወርዳል፣ መርገጫውን በእግሩ ጣቶች ይይዛል፣ በእጁ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ያ ቦታ የወንድ ነበር። ሴት ከገባችበት ድሩ ይበጣጠሳል፣ ቤቱም በረከት ያጣል ይባል ነበር። ማን እንዳለው ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በ1971 ዓ.ም. የሰፈሩ ሸማኔዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጁ አቶ ሰጠኝ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ማኅበሩ ለአባሎቹ የፋብሪካ ድር ያከፋፍላል፤ እነሱ በየቤታቸው ሸምነው ጋቢውንና ነጠላውን ለማኅበሩ መጋዘን ያስረክባሉ። ደንቡ ግልጽ ነበር። አባል የሚሆነው ሸማኔ ነው፣ ድር የሚሰጠው ለአባል ነው፣ መሸመን ያቃተው አባል ድርሻው ለሌላ ይተላለፋል። ፈታዮቹ ሴቶች አባል አልነበሩም። ክራቸው ለማግ ይፈለጋል፣ እነሱ ግን በስብሰባ ቀን በር ላይ ይቆማሉ።

በ1974 ዓ.ም. ክረምት አቶ ሰጠኝን ቁርጥማት ያዛቸው። ጉድጓድ ውስጥ የኖረ ሰው ብርዱ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። ጣቶቻቸው ቆልመም ብለው ቀሩ፤ ሐኪም ቤትም ጠበልም ተሞከረ፣ አልተፈቱም። በጉድጓዱ ላይ የተዘረጋ ድር፣ ሊያስረክቡት ቀን የተቆረጠለት ጋቢ ነበር። ያ ጋቢ ካልደረሰ ድርሻው ይሄዳል፤ ድርሻው ከሄደ የሦስት ልጆች እንጀራ ይሄዳል። ወይዘሮ ይርገዱ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሸኙ፣ በሩን ዘጉ፣ አማተቡና ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ።

አቶ ሰጠኝ ከአጠገባቸው ቁጭ ብለው በአፋቸው አስተማሯቸው። እግርሽን ዘና አድርጊ፣ መወርወሪያውን አትግፊው ልቀቂው፣ እያሉ። የመጀመሪያው ጋቢ ጠርዙ እንደ ሊማሊሞ መንገድ ይጠማዘዝ ነበር። ባላቸው ስቀው ሳይጨርሱ ወይዘሮ ይርገዱ ፈትተውት እንደገና ጀመሩ። ቀኑ በደረሰ ጊዜ አቶ ሰጠኝ ጋቢውን በትከሻቸው ተሸክመው ሄደው አስረከቡ፤ ጣታቸውን በነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው። ተረካቢው አገላብጦ አየና ተቀበለ። ከጥቂት ወራት በኋላማ ተረካቢው የአያ ሰጠኝ ሥራ እያደር ጸዳ ማለት ጀመረ። ይህን ሲሰሙ አቶ ሰጠኝ ደስም አላቸው፣ ትንሽም ቅር አላቸው። ወደ ሠላሳ ዓመት በሚጠጋ ሥራቸው እንዲህ ተብለው አያውቁም ነበር።

ምስጢር የያዘ ቤት ግን ኑሮው ይለወጣል። የሸማኔ ዕቃ ድምፅ አለው፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። አንድ ቀን አቶ ሰጠኝ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ የእሳቸው ቤት ሲቀጠቀጥ ይሰማ ኖሮ፣ ከጎናቸው የነበረ ሰው አያ ሰጠኝ እዚህ ተቀምጠው ቤታቸው የሚሸምነው ማን ይሆን ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም ልጄ እየተለማመደ ነው ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ መውጣት ቀረ። ሚስታቸው ሲሸምኑ እሳቸው ቤት መገኘት አለባቸው። ጠላ ቤትና ጨዋታ የሚወዱ ሰው ቤት ውለው ምን ይሥሩ? ወጥ ማማሰል ጀመሩ። መጀመሪያ ያሳርሩት ነበር፤ በኋላ ግን ሽሯቸው የታወቀ ሆነ። ይህን የምነግራችሁ በፈቃዳቸው ነው።

ሁሉን ያወቁት የግንብ አጥር ተዋሳኛቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው ፈታይ ናቸው፤ የባላቸው የሸማኔ ዕቃ ጣራ ሥር ተሰቅሎ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ሳያንኳኩ ገቡና ወይዘሮ ይርገዱን ጉድጓድ ውስጥ፣ አቶ ሰጠኝን ምድጃ ላይ አገኟቸው። ከዚያ ወይዘሮ እጅጋየሁ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጉድጓዱ አፍ ቁጭ አሉና፣ «ለእኔም አሳዪኝ» አሉ። ወሬ አይደለም የያዙት፤ ሥራ ነው የያዙት። ከእሳቸውም በኋላ ሌሎች ፈታዮች በምስጢር መጡ።

መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ከየማኅበሩ ኮከብ አምራች እንዲመረጥ ታዘዘ። የሸማኔዎቹ ማኅበር የመረጠው አቶ ሰጠኝ ላቀውን ነው። ዜናው ለዚያ ቤት የመርዶ ያህል ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ ተቀብለህ ዝም በል፣ ልጆች አሉን፣ ድሩን ከነጠቁን ምን እንሆናለን ብለው ለመኗቸው። አቶ ሰጠኝ እሺም እምቢም ሳይሉ ልብሳቸውን ለበሱ።

በአደባባዩ ሕዝብ ሞልቷል፣ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ማርሽ ይመታል። ጓድ ሰጠኝ ላቀው ተብሎ ሲጠራ ወደ መድረኩ ወጡ። ሜዳልያው ሊንጠለጠልላቸው ሲል በነጠላ ተሸፍኖ የኖረውን እጃቸውን አወጡና ወደ ላይ ያዙት።

«ጓዶች፣ ይህ እጅ መወርወሪያ ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሸመነችው ባለቤቴ ይርገዱ ናት። እኔ ወጥ ነው የማማስለው።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ጣቶቹን ሲያይ ግን ሳቁን ገታ። ወንድ ልጅ በጎንደር አደባባይ ቆሞ ወጥ እሠራለሁ ሲል ምን ያህል እንደሚከብደው የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። መጀመሪያ እልል ያሉት ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። ሌሎቹም ሴቶች ተቀበሏቸው። ወይዘሮ ይርገዱ ግን ከሕዝቡ መሐል አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሱ ነበር፤ እሳቸው የታያቸው የነገው እንጀራ ነው።

የፈሩትም ደረሰ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ዳኛው ተታለልን ብለው ተቆጡ፤ ጠቅላላ ጉባኤ እስኪወስን ድሩ ታገደ። በዚያ መኸር ባልና ሚስቱ በወይዘሮ ይርገዱ ፈትልና በጎረቤት ቸርነት ከረሙ። ጉባኤው በኅዳር ወር ተጠራ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሴቶች ተሳትፎ ለምርት ዕድገት ወሳኝ ነው የሚል መፈክር በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ከሥሩ ሴት መሳተፍ አለባት ወይስ የለባትም የሚል ክርክር ይካሄዳል። እኔም በታዛቢነት ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ መፈክሩን ቀና ብሎ ያየ ሰው አላስታውስም።

አንዱ ወግ ፈረሰ አለ። ሌላው ሴት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታወርድ ነውር ነው አለ። አቶ ዳኛው ግን ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ አነሡ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሸማኔ ከሆኑ ማን ይፈትላል፣ ያለ ማግ ድር ምን ይሆናል አሉ። ወይዘሮ ይርገዱ እንዲናገሩ ሲፈቀድላቸው ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ፈትል የቸገረው ሰው የለም» አሉ። «በየቤታችን ልቃቂቱ ተከምሮ ብል እየበላው ነው። የጠፋው የሚሸምነው ነው። ልጆቻችሁ ዘምተዋል፣ ጉድጓዱ ባዶ ነው። ምነው፣ እኔ ከምገባበት ባዶ ቢሆን ይሻላችኋል?»

ልጁ ያልዘመተበት ሸማኔ በዚያ አዳራሽ ጥቂት ነበር። ስለ ነውሩም ተጠየቁ። እሱን አስቀድመው አስበውበት ኖሮ ቀሚሳቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አደረጉት፤ ከሥሩ የአቶ ሰጠኝን የካኪ ሱሪ ታጥቀዋል። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የሳቀ ሰው ደግሞ እንደገና መቆጣት ይከብደዋል። እጅ ወጣ፣ ድምፅ ተቆጠረ፣ ወይዘሮ ይርገዱ ሐብተ ማርያም በገዛ ስማቸው የማኅበሩ አባል ሆኑ። ወይዘሮ እጅጋየሁና ጓደኞቻቸውም ተከተሉ። በቀሃ የሴት ሸማኔ ከቀሚሷ ሥር የምትታጠቀው ሱሪ እስከ ዛሬ የይርገዱ ሱሪ ይባላል።

ያ ዓመት የክፉ ቀን ዓመት ነበር። በድርቅ ለተጎዱት ወገኖቻችን ጋቢና ብርድ ልብስ በብዛት ታዘዘ። በዚያ ጊዜ ባዶ ጉድጓዶቹን የሞሉት ሴቶች ናቸው። የማኅበሩ ምርት ከቀደመው ዓመት አልፎ ተትረፈረፈ፤ የፈታዮቹም ልቃቂት ከየቤቱ ወጥቶ ዋጋ አገኘ። አቶ ዳኛው ማግ ያልቃል ብለው ነበር፤ ሸማኔው ሲበዛ ግን ጥጥ ሻጩም፣ አባዛቿም፣ ፈታይዋም ሥራ አገኙ። ሊቀ መንበሩ ቃላቸውን በቃል ባይመልሱም ልጃቸውን ብርቱካንን ወደ ወይዘሮ ይርገዱ ላኩ። ብርቱካን ዛሬ ከማኅበሩ ጥሩ ጥበብ ሠሪዎች አንዷ ናት፤ አባቷም ዛሬ አስከሬኑን ተሸክመው ካመጡት መካከል ናቸው። እግዜር ይስጥልን።

ወይዘሮ ይርገዱ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባትና በደባርቅ እየተዘዋወሩ ባሎቻቸው የዘመቱባቸውን ሴቶች አስተምረዋል። በጭነት መኪና ላይ ዕቃቸውን አስጭነው ሲወጡ ሾፌሮቹ ምን እንደጫኑ ይጠይቋቸው ነበር፤ እሳቸውም ሥራዬን ይሉ ነበር። ሽጋ ሰው ነበሩ። ሲያስተምሩ ግን ርኅራኄ አያውቁም፤ ጠርዙ የተጣመመ ሸማ በእሳቸው ፊት ሳይፈታ አላደረም። እኔም አንድ ጊዜ ቆንጆ ነው ብዬ ለአንዲት ተማሪ ጥብቅና ስቆም፣ አንተ ዳዊትህን ድገም ብለውኛል።

ልጆቻቸውን በዚሁ ሥራ አሳድገዋል። አስማረ በእርሻ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ያገለግላል፤ ሐረገወይን ነርስ ናት፤ ምናለ በብሔራዊ ውትድርና ግዳጅ ላይ ይገኛል። ምናለ የእናቱን ሞት ገና አልሰማም። የለበሰው ጋቢ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። እግዚአብሔር በሰላም ይመልሰው።

ወይዘሮ ይርገዱ ካለፈው ዓመት ክረምት ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። በሐኪም ቤትም በቤታቸውም ሐረገወይን ከአጠገባቸው አልተለየችም። ሕመሙ ሲጠናባቸው የማኅበሩ ሴቶች ሥራ ትተው አልጋቸውን ከበው ተቀመጡ። ወይዘሮ ይርገዱ አልወደዱትም። ለቅሶው የሚደርስበት ቀን አለው፣ አሁን ግን ሂዱና ሸምኑ ብለው አስወጧቸው። ሴቶቹ እያለቀሱ ታዘዙ፤ ከዚያ በኋላ እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው የየቤቱን ድምፅ እየለዩ፣ ይህ የእጅጋየሁ ነው፣ ይህ የብርቱካን ነው፣ ዛሬ ፈጥናለች እያሉ ለልጃቸው ይነግሯት ነበር። ሥጋ ወደሙ ተቀብለው በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው የካቲት 19 ቀን 1980 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዘመድ ወዳጅና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ዛሬ በቀሃ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ትናንት ከቤተሰቡ ጋር ስንቀመጥ አንዱ ዘመዳችን እንደ ወጉ «የሸማኔው የአቶ ሰጠኝ ላቀው ባለቤት» ብለን እንድንጀምር አሳሰበ። ነገሩ ክፋት አልነበረበትም፤ የሴት የሕይወት ታሪክ ሁልጊዜ የሚጀመረው እንደዚያ ነው። አቶ ሰጠኝ ከጥግ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው እኔን አዩኝና፣ «የሻው፣ እሷን የእኔ ሚስት ብለህ እንዳትጽፍ። እኔን የሸማኔዋ የይርገዱ ባል ብለህ ጻፈኝ» አሉ።

እንዲህም ጽፌያለሁ። ወይዘሮ ይርገዱ ሐብተ ማርያም ሸማኔ ነበሩ። ከኋላቸው ሦስት ልጆች፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ እኛን ወንድሞቻቸውንና እኅቶቻቸውን፣ በጎንደርና በደጋው አገር ያስተማሯቸውን ሴቶች፣ እንዲሁም ባላቸውን አቶ ሰጠኝ ላቀውን ትተዋል።

የድካማቸውን ዋጋ የማያስቀር አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ እናቶቻችን ጋር ያሳርፍልን፤ ለይርገዱ ባል መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።